ነፃው ፀረ ቫይረስ ስንት ያወጣል?

የኮምፒዩተር ቫይረስ ነገር ሲነሳ በርካታ ነጋዴ «ይህ የባንኮችና የትልልቅ ድርጅቶች ጣጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ የአንድ አስመጪ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ በካዝና ውስጥ ሳይሆን ልጆች ፊልም በሚያዩበት የቤት ኮምፒዩተር ላይ ሊገኝ የሚችልበት ጊዜ ላይ ተደርሷል። የፒችትሪው ፋይል፣ የፕሮፎርማው ቅጂ፣ ከውጭ አቅራቢ ጋር የተደረገው ኢሜይል፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር በአንድ ዲስክ ላይ ይከማቻሉ። የቤትና የመኪና ደላላውም ቢሆን የደንበኞቹን ካርታ፣ ሊብሬና መታወቂያ በፎቶ አስቀምጧል። ያ ዲስክ አንድ ሌሊት ቢቆለፍ በሐምሌ ለግብር የሚቀርበው ሂሳብ ከየት ይመጣል?

መቆለፍ ሲባል ለአነጋገር ያህል አይደለም። «ራንሰምዌር» የሚባለው የፕሮግራም ዓይነት ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ ለውጦ ባለቤታቸው እንዳይከፍታቸው ካደረገ በኋላ መክፈቻውን በገንዘብ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲያዳርስ ከየማሽኑ ባለቤት መጀመሪያ የጠየቀው 300 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዋል። የሚያስቆጨው፣ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 2017፣ በነፃ ማሻሻያ ደፍኖት የነበረ መሆኑ ነው። የተጎዱት በአመዛኙ ማሻሻያውን ያልጫኑት ነበሩ።

ታዲያ ጥበቃ ያለው ኮምፒዩተር ያለ ጥበቃ የሚቀረው ለምንድነው? አንዱ ምክንያት «አጐተተው» የሚለው ቅሬታ ነው። ባለቤቱ ደብዳቤ ለመክፈት ሦስት ደቂቃ ሲጠብቅ ይሰለቸውና ፀረ ቫይረሱን ያጠፋዋል። ስለዚህ የፀረ ቫይረስ ቀላልነት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ጥበቃ መጨረሻው የጠፋ ጥበቃ ሊሆን ይችላልና።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

ፀረ ቫይረስ የሚሠራው እንደ በር ጠባቂ ነው። ፋይል በተከፈተ፣ በተገለበጠ ወይም ከኢንተርኔት በወረደ ቁጥር ቆም አድርጎ ይፈትሸዋል፤ ከሚታወቁ ቫይረሶች ምልክት ጋር ያስተያየዋል፤ ጠባዩን ያያል፤ ከተጠራጠረም በኢንተርኔት የአምራቹን ማዕከል ይጠይቃል። 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ብቻ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ይሰማል።

ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የፀረ ቫይረሱ ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ፀረ ቫይረስ ጭኖ እርስ በርስ እንዲፈታተሹ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ከላፕቶፑ ጋር ለሙከራ የመጣውና ጊዜው ያለፈበት ፕሮግራምም ሳይነሳ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። እነዚህን ማራገፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ የትኛውንም «ቀላል» ፀረ ቫይረስ ከመግዛት የበለጠ ፍጥነት ያስገኛል።

ገበያው በማን እጅ ነው?

ቀደም ባሉት ዓመታት ፀረ ቫይረስና ፀረ ስለላ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ነበሩ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ጃያንት የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ «ዊንዶውስ ዲፌንደር»ን ሲያወጣ ስለላን ብቻ የሚከላከል ነበር፤ ሙሉ ፀረ ቫይረስ ሆኖ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው በ2012 በዊንዶውስ 8 ነው። ዛሬ ሁለቱ ሥራዎች ተዋህደዋል። ስለሆነም «ፀረ ስለላ» የሚል ስም ብቻ ይዞ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ሲቀርብ መግዛት አያስፈልግም።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ዲፌንደርን ሳያውቀውም ቢሆን ይዞታል። ክፍያ የለውም፣ ፈቃዱ አያልቅም፣ ሌላ ፀረ ቫይረስ ሲጫን ራሱን ገለል ያደርጋል። ለአብዛኛው የቤት ተጠቃሚ በቂ ነው። ሁለት ድክመቶች ግን አሉት። የመጀመሪያው፣ ፋይል ሲገለበጥና ፕሮግራም ሲጫን ከአንዳንድ ተፎካካሪዎቹ መዘግየቱ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ገበያ ይበልጥ ይከብዳል። ዲፌንደር ጥርጣሬውን የሚያጣራው በአብዛኛው በኢንተርኔት ስለሆነ መስመር ሲቋረጥ የማወቅ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ሰፈር ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚቀበል ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። ለዚህ ዓይነቱ ተጠቃሚ የሮማኒያው ቢትዲፌንደር ነፃ ቅጂ ጥሩ አማራጭ ነው። ገንዘብ ለመክፈል ለተዘጋጀና ማሽኑ ለደከመ ደግሞ የስሎቫኪያው ኢሴት በቀላልነቱ የቆየ ስም አለው።

ከነፃዎቹ መካከል ብዙ ሰው የሚያውቃቸው አቫስትና ኤቪጂ ናቸው። አቫስት ኤቪጂን በ2016 ገዛው። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ አቫስት ራሱ ከኖርተን ባለቤት ጋር ተዋህዶ «ጄን ዲጂታል» የተባለ ኩባንያ ሆነ። አቪራም ቀደም ብሎ በዚያው ቤት ገብቷል። በመደርደሪያ ላይ አራት ተፎካካሪ የሚመስሉት ስሞች የአንድ ነጋዴ ዕቃዎች ናቸው ማለት ነው። ምርጫው ሰፊ መስሎ የሚታየውን ያህል አይደለም።

የነፃ ዕቃ ዋጋ የታየውም በዚሁ በአቫስት ላይ ነው። በጃንዋሪ 2020 የአሜሪካ ጋዜጠኞች ኩባንያው የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ሰብስቦ «ጃምፕሾት» በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ እንደነበር አጋለጡ። ቅርንጫፉ ወዲያው ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና መሰል መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይሸጥ የሚያደርግ ውሳኔ አስታወቀ። ሰላይን ለመከላከል የተጫነው ዕቃ ራሱ ሲሰልል ተገኘ።

ካስፐርስኪን በተመለከተ የአሜሪካ መንግሥት በጁን 2024 ሽያጩን፣ ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 በኋላም ማሻሻያውን በአገሩ ውስጥ ከልክሏል። የተሰጠው ምክንያት ኩባንያው የሩሲያ መሆኑ ነው። ክልከላው ኢትዮጵያን አይመለከትም፤ በቴክኒክ ፈተናም ዕቃው ደካማ ሆኖ አልተገኘም። ይሁንና ከአሜሪካ ድርጅት ጋር ኮምፒዩተር ለኮምፒዩተር ተገናኝቶ የሚሠራ ሰው ጥያቄ ሊነሳበት ስለሚችል ሌላ ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሻጭን ቃል ሳይቀበሉ ለመመርመር የሚፈልጉ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ ኮምፓራቲቭስና በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ ቴስት ውጤታቸውን በነፃ ያወጣሉ። ኤቪ ቴስት ለጥበቃ፣ ለፍጥነትና ለአጠቃቀም እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ ይሰጣል። ከ18 ድምሩ ይልቅ የፍጥነቱን ዓምድ ለብቻው ማየት ይጠቅማል። የኢንስብሩኩ ደግሞ ኢንተርኔት ሲኖርና ሳይኖር የተገኘውን ውጤት ለያይቶ ያቀርባል።

ከሱቅ ቁልፍ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለስንት ማሽን ነው? መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ለየትኛው ክልል የተዘጋጀ ነው? ለሌላ አህጉር የወጣ ቁልፍ እዚህ አልሠራ ሊል ይችላል። በካርድ ከኢንተርኔት የሚገዛም የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ በሁለተኛው ዓመት እንደማይደገም ይወቅ።

ክራክና ፍላሽ

«ክራክ» የተደረገ ፀረ ቫይረስ ከሁሉ የከፋ ግዢ ነው። የማንኛውም ክራክ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» በማለት ነው። ዘበኛውን አሰናብቶ እንግዳ ማስገባት ይሏል ይህ ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙን በዚህ መንገድ ያስጫነ ድርጅት ቁልፉን ለማን እንደሰጠ አያውቅም።

በፍላሽ የሚተላለፈው የሾርትከት ቫይረስ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። እውነተኞቹን ፋይሎች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ ወደ ማሽኑ ይገባል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል እንጂ። ቸኩሎ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ነው በእጁ የሚያጠፋቸው።

ስለላን በተመለከተ ለነጋዴ የሚያሰጋው በብራውዘር ላይ የተቀመጠ የይለፍ ቃል የሚሰርቀው ነው። አገባቡ በአመዛኙ በማታለል ነው። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ያነጣጠረው የስለላ ሶፍትዌር የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ መስሎ ይላክ እንደነበር ገልጿል። «ቪዲዮውን ለማየት ይህን ጫን» የሚል መልእክት ዛሬም የተለመደ ወጥመድ ነው። ከተጠረጠረ የማልዌርባይትስ ነፃ ቅጂ ሁልጊዜ በራም ላይ ሳይቀመጥ ሲጠሩት ብቻ ስለሚፈትሽ ማሽን አያከብድም፤ የሚጀምርበት የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ ግን ሙሉ ጠባቂ ሆኖ ይቆያል።

የትኛውም ፀረ ቫይረስ የማይዘው ማጭበርበር ደግሞ አለ። የአቅራቢው ኢሜይል ይሰረቅና «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ቀሪውን በዚህ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በደብዳቤው ላይ ቫይረስ የለም። መድኃኒቱ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ ምልክቶች በዚያው ላይ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚልክ አስታውቋል፤ ይህ ግን የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም። ዋናክራይ የገባው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበር።

በዲፌንደር ለሚቆይ ሰው በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የራንሰምዌር መከላከያ የሚል ክፍል አለ። የተመረጡ ፎልደሮችን ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነካ ይከለክላል፤ ሲመጣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ከተከፈተ በኋላ ፒችትሪን የመሰለ ፕሮግራም ፋይሉን ማስቀመጥ ቢያቅተው ስሙን በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። የሂሳቡ ቅጂ በውጭ ዲስክ ከተገለበጠ በኋላም ዲስኩ ይነቀል፤ ተሰክቶ ያደረ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል።