ዙሪያው እኩል የሆነ ማሳ ሁሉ ስፋቱ እኩል አይደለም
የባለሦስት ማዕዘን መሬት አለካክ

ከወልቂጤ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ጉብሬ ዛሬ በሩቁ የምትታወቀው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የእንሰት አገር ናት። በጉራጌ መንደር ቤቶች ጀፎረ የሚባለውን ሰፊና ሣራማ መንገድ ይዘው በረድፍ ይሠራሉ፤ ከየቤቱ ጓሮም የእንሰት ማሳ ይቀጥላል። ማሳው በአራት ማዕዘን የተከፈለ ከሆነ ልኬቱ አያስቸግርም። ወንዝ፣ ገደል ወይም የመኪና መንገድ ሰያፍ ካቋረጠው ግን የሚቀረው ቁራሽ ባለሦስት ማዕዘን ይሆናል። ወንድማማቾች ውርስ ሲካፈሉ ወይም ጎረቤታሞች መሬት ሲለዋወጡ ክርክር ሊያስነሣ የሚችለውም ይኸው ቁራሽ ነው።

መሬት መለካት ለገበሬ ማኅበር መሪ አዲስ ኃላፊነት አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ማኅበራቱ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋሙና መሬቱን እንዲያከፋፍሉ ተደንግጎ ነበር። በኋላም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይዞታ ተለክቶ የማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥበት አድርጓል፤ ይህም በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ዛሬ ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖርም፣ መሪው በገመድና በችካል ማመሳከር ከቻለ በደብተሩ ላይ የሰፈረውን ቁጥር አውቆ ይቀበላል፤ ስሕተት ቢያይም በጊዜው እንዲታረም ይጠይቃል።

ዙሪያና ስፋት ይለያያሉ

ዙሪያ ማለት የሦስቱ ጎኖች ርዝመት ድምር ነው። አጥር ለማጠርና በድንበር ላይ ችግኝ ለመትከል የሚያስፈልገው ይህ ነው። የሚታረሰው፣ የሚተከለውና ግብር የሚታሰብበት ግን ስፋቱ ነው።

ሁለት ማሳዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ጎኖች 130፣ 130 እና 100 ሜትር ናቸው። የሁለተኛው 36፣ 160 እና 164 ሜትር ናቸው። ተደምረው ሲታዩ የሁለቱም ዙሪያ 360 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ስፋት ግን 6000 ካሬ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 2880 ብቻ ነው፤ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ለእያንዳንዱ የእንሰት ተክል 4 ካሬ ሜትር ቢሰጥ በአንደኛው ማሳ ላይ 1500፣ በሌላው ላይ 720 እንሰት ይተከላል። «ዙሪያው እኩል ነው» ተብሎ ሁለተኛው ማሳ የተሰጣት ባሏ የሞተባት እናት 780 እንሰት ቀረባት ማለት ነው። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ልኬቱ እንዴት ይካሄዳል?

የባለሦስት ማዕዘን ማሳ ስፋት የሚገኘው የመሠረቱን ርዝመት በቁመቱ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ቁመት የሚባለው ከመሠረቱ ትይዩ ካለው ማዕዘን ተነሥቶ መሠረቱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው መስመር ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ሰያፉን ጎን እንደ ቁመት መውሰድ ነው። በመጀመሪያው ማሳ 130ን በ100 አባዝቶ ለሁለት ያካፈለ ሰው 6500 ያገኛል። በመሬቱ ላይ የሌለ 500 ካሬ ሜትር በወረቀት ላይ ጨመረ ማለት ነው።

ቁመቱን ለማግኘት አንድ ገመድ በ12 እኩል ክፍል ይቋጠርና ጫፍና ጫፉ ይታሰር። ከዚያም 3፣ 4 እና 5 ክፍል ያላቸው ሦስት ጎኖች እንዲኖሩት በሦስት ችካል ይወጠር። በ3ቱና በ4ቱ ጎን መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። 3 ክፍል ያለው ጎን በመሠረቱ መስመር ላይ እየተንሸራተተ፣ 4 ክፍል ያለው ጎን በትክክል ወደ ትይዩው ማዕዘን እስኪያመለክት ድረስ ይፈለግ። ቀጥ ያለው ማዕዘን ያረፈበት ቦታ ላይ ችካል ተተክሎ ከዚያ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት ይለካ። በመጀመሪያው ማሳ ችካሉ በ100 ሜትሩ ጎን እኩሌታ፣ በ50ኛው ሜትር ላይ ያርፋል፤ ቁመቱም 120 ሜትር ይሆናል። 100 በ120 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 6000 ይመጣል። ጎኖቹ እኩል ካልሆኑ ረጅሙን ጎን መሠረት ማድረግ ይሻላል፤ ችካሉ ከማሳው አይወጣምና።

እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ መግባት ሲያስቸግር

በዚህ ጊዜ ሦስቱን ጎኖች ብቻ መለካት ይበቃል። ዘዴው ከ1900 ዓመታት በፊት ገደማ በእስክንድርያ በኖረው ሄሮን ስም ይጠራል። የዙሪያው እኩሌታ ይወሰድ፤ በምሳሌያችን 180 ነው። ከዚህ እያንዳንዱ ጎን ሲቀነስ 50፣ 50 እና 80 ይቀራል። አራቱ ቁጥሮች፣ ማለት 180፣ 50፣ 50 እና 80፣ ሲባዙ 36 ሚሊዮን ይሆናሉ። በራሱ ተባዝቶ 36 ሚሊዮን የሚሰጠው ቁጥር 6000 ነው። ስሌቱን በእጅ ስልክ መሥራት ይቻላል።

አራት ወይም አምስት ጎን ያለው ጠማማ ማሳም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በተዘረጋ ገመድ ወደ ሦስት ማዕዘኖች ተከፍሎ ስፋታቸው ይደመራል። የአራት ጎኖች ርዝመት ብቻውን ግን ስፋትን አይወስንም፤ ሰያፉ መለካት አለበት።

በመጨረሻም ሊዘነጋ የማይገባው ጥንቃቄ አለ። ገመድ ሲረጥብና ሲሳብ ርዝመቱ ይለዋወጣልና በሜትሮ ይመሳከር። በተዳፋት ላይ ገመዱ የመሬቱን ቁልቁለት ተከትሎ አይዘርጋ፤ አግድም ተወጥሮ በአጭር በአጭሩ ይለካ። ልኬቱ ሁለቱም ባለድንበሮችና ሽማግሌዎች ባሉበት ሁለት ጊዜ ይካሄድ፤ ሦስቱም ጎኖችና ቁመቱ በመዝገብ ይስፈሩ። ጎኖቹ ከተመዘገቡ ድንጋዩ ቢነቀል እንኳ ድንበሩ አይጠፋም።