ከአለርጂ መደርደሪያ ወደ ሽንት ፊኛ

ካዛንቺስ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ ያለው ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ላይ ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ፣ ሐኪምም ካዘዘው፣ ይሁን። ሽንቱ ተመርምሮ፣ ካልቸርም ተሠርቶ ጀርም ካልተገኘና ሕመሙ ለወራት አልለቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊኛው ሲሞላ ያማል፣ ሲሸኑ ትንሽ ይቀላል፣ ወዲያው ደግሞ ይጀምራል፤ ሌሊቱ በመመላለስ ያልቃል። በብዛት የሚያጠቃው ሴቶችን ነው።

ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት ኪኒኖች መካከል ለማሳከክና ለሽፍታ የምናውቃቸው ፀረ ሂስታሚኖች መኖራቸው መጀመሪያ ግር ይላል። ምክንያቱ ማስት ሴል የሚባል ሕዋስ ነው። ፖል ኤርሊክ በ1870ዎቹ ስም ያወጣለት ይህ ሕዋስ ውስጡ በጥቃቅን ከረጢቶች የታጨቀ ነው፤ ሲቆጣ ይዘረግፋቸዋል፣ ሂስታሚን ይፈስሳል። ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ አፍንጫ ውስጥ ያስነጥሳል። በአንዳንድ ታማሚዎች ፊኛ ግድግዳ ውስጥ ማስት ሴሎች በዝተው ተገኝተዋል፤ እዚያ ደግሞ የሕመም ነርቭን ይቆሰቁሳሉ።

ከእነዚህ ፀረ ሂስታሚኖች አንዱ የሆነው ሃይድሮክሲዚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ፣ በትንሽ መጠን ይጀመራል። ሲሜቲዲን ሂስታሚንን በሌላ በር የሚያግድ የድሮ የጨጓራ መድኃኒት ነው። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ቢታወቅም ሂስታሚንን ያግዳል፣ ነርቭንም ያረጋጋል።

ፈውስ ናቸው ብሎ መናገር ግን ይከብደኛል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በ121 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሃይድሮክሲዚን ከወሰዱት 31 በመቶ፣ ካልወሰዱት 20 በመቶ መሻሻላቸውን አሳየ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። አለርጂ ያለበት ሰው የተሻለ ይጠቀም ይሆናል የሚል ግምት አለ።

በእኛ አገር አንድ ነገር መቅደም አለበት። ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ እየታየ ተራው ካልቸር ምንም ካላበቀለ የሽንት አካላት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያጣሩ ማስታገሻ መዋጥ በሽታውን መደበቅ ነው። ካዛንቺስ ያለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዘውዲቱንና ጋንዲን የመሳሰሉ ሆስፒታሎች አሉት፤ ከፋርማሲው መስኮት በፊት ወደ ሐኪም ማለት ይሻላል። ግላኮማ፣ የፕሮስቴት እብጠት ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት፣ ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይነግሩ መድኃኒቶቹን መጀመር የለባቸውም። መኪና የሚነዳም መድኃኒቱ የሚያደርገውን ሳያይ መሪ አይጨብጥ።

በምግብ በኩል፣ ቡና፣ በርበሬና ሎሚ የብዙዎችን ሕመም ይቀሰቅሳሉ፣ የሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም ለዘለዓለም ከመተው ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ አንድ በአንድ መመለስና የትኛው እንደሚያሳምም ማየት ይበቃል።