«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!»

ጁላይ ሲገባ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የሐበሻ ቤቶች ጓሮ ይደምቃል። ከሰሉ ተያይዞ ጥብሱ ይንጫጫል፣ ቢራው በረዶ ውስጥ ይቀበራል፣ ቤት የተጣለው ጠጅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድርም የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው። የተጠፋፋ አብሮ አደግ ይገናኛል።

እንዲህ ባለው ግብዣ ላይ ብርሌ ባዶ ሆኖ አይታይም። ገና ግማሽ ሲደርስ «ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ይባላል። እንግዳው የብርሌውን አፍ በመዳፉ ይከድናል፤ ቀጂዋ እጁን በቀስታ ገለል አድርጋ ትሞላለታለች። ፍቅር ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ችግሩ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው፦ ሳይጎድል የሚሞላ ብርሌ አይቆጠርም። ማምሻውን ስንት እንደጠጣ ቢጠየቅ «አንድ ሁለት ብርሌ» ይላል፤ እውነት ይመስለዋልም።

አሜሪካ ውስጥ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹህ አልኮል ያለበት ነው። ይህም 5 በመቶ አልኮል ያለበት 355 ሚሊ ሊትር ቢራ ማለት ነው። የቤት ጠጅ ግን ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ጠርሙሱ ላይም የተጻፈ ነገር የለም። ጠጁ 10 በመቶ አልኮል ቢኖረው፣ ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርሌ ወደ 20 ግራም አልኮል ይይዛል። ሦስቱ ከአራት ቢራ ይበልጣሉ ማለት ነው። ጉበት ደግሞ በአማካይ በሰዓት አንድ መደበኛ መጠጥ ያህል ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ማር ጣፋጭ ስለሆነ የጠጁ ኃይል ምላስ ላይ አይታወቅም።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አልኮል ሰውነት ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚያዳክም ሽንት ያበዛል፤ በላብ ላይ ሲደመር ሰውየው ሳያውቀው ይደርቃል። በየመሀሉ ውኃ መጠጣት ለዚህ ይረዳል፤ ምግብም አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ አያስቀረውም።

ከሁሉም በላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ «አሁን ነቃሁ» ተብሎ የመኪና ቁልፍ ይነሣል። ቡናው እንቅልፍ ያባርራል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም። የሚቀንሰው ጊዜ ብቻ ነው።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ሕግ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው። ከባድ መኪና ለሚነዳ ገደቡ 0.04 ነው፤ በራሱ የቤት መኪና ሰክሮ ነድቶ የተፈረደበትም ቢሆን የንግድ መንጃ ፈቃዱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያጣል። በዚያ ፈቃድ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ማለት የዓመት እንጀራ ማጣት ነው። ዜግነት ለመጠየቅ የሚጠባበቅ ሰውም ሁለት ጊዜ ከተፈረደበት ማመልከቻው ብርቱ እንቅፋት ይገጥመዋል።

መፍትሔው ከአባወራውና ከእማወራዋ እጅ አይርቅም። ባዶ ሳይሆን አለመቅዳት፣ ብርሌውን በመዳፉ የከደነን ሰው እሺ ማለት፣ ማን እንደሚነዳ ገና ከጥብሱ በፊት መነጋገር። ለሚነዳውና ለማይጠጣው ብርዝ አለ፤ ማሩ በዕለቱ ተበጥብጦ በዚያው ብርሌ ሲቀርብ ማንንም ከማዕዱ አይለይም። ግን ቢያድር መፍላት ስለሚጀምር የዕለቱ መሆን አለበት።

አንድ ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ «ተዉት፣ ይተኛበት» ማለት አደገኛ ነው። መጨረሻ የጠጣው ገና ከሆዱ ወደ ደሙ እየገባ ይሆናል፤ ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ መቆየት፣ ሲጠሩት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወዲያው 911 መደወል ያስፈልጋል።