እሺዘቡ ማን ነው?

አንድ ጠዋት የቴስት ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። «አንተ፣ እሺዘቡ የሚባል ሰው ቀጥራችኋል እንዴ?» ስልኳን አስጠግታ አሳየችኝ። «እሺዘቡ ደርሷል» ይላል። የተላከው ግን «እሺ» ብቻ ነበር።

የመልእክት ማስተላለፊያ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የማመካኝበት ሰው የለኝም። ከኔትወርክ የሚመጣው መልእክት 1,024 ባይት በሚይዝ ባፈር ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያ በአሬይ መልክ ወስጄ ጽሑፍ አደርገዋለሁ። ከ«እሺ» በፊት ያለፈው መልእክት «ገንዘቡ ደርሷል» የሚል ነበር። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ያኛው ከነክፍት ቦታው 25 ባይት፣ «እሺ» ደግሞ 6 ባይት ነው። ስድስቱ «ገን»ን ሸፈኑት፤ «ዘቡ ደርሷል» ከነበረበት አልተነቃነቀም። ከሱ ወዲያ ያለው ዜሮ ስለሆነ ስክሪን ላይ አይታይም።

«ክሊር ብዬው የለም እንዴ?» አልኩ። የጃቫ ባይት ባፈር ክሊር ስሙ ብቻ ነው፤ አንዲት ባይት አያጠፋም። ሰሌዳውን ሳይጠርግ ጠመኔውን ወደ መጀመሪያው መስመር እንደሚመልስ አስተማሪ ነው። በዚህ ላይ እኔ አሬይ() የሚለውን ጠርቻለሁ፤ እሱ ደግሞ የባፈሩን ሆድ እንዳለ፣ 1,024ቱንም ያስረክባል። ጽሑፉ የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው ሊሚት ነበር፤ እሱን አልጠየቅኩም።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ ስንት ባይት እንዳለ በሪሜይኒንግ ጠይቆ በዚያው ልክ አሬይ መፍጠር፣ ከዚያ በጌት መቅዳት። ከሁለቱ በፊት ግን ፍሊፕ አለ፦ ሊሚትን ጽሑፉ ያበቃበት ላይ አቁሞ ጠቋሚውን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። እሱ ከተረሳ ጠቋሚው 6 ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ሪሜይኒንግ 1,018 ይላል፤ ቅጂውም ከዚያ ይጀምራል። ያኔ «እሺ» ይቀርና ትራፊው ብቻ ይደርሳል። የ1,024 አሬይ ፈጥሬ፣ ፍሊፕ አድርጌ ጌት ብል ኖሮ ፕሮግራሙ ባፈር አንደርፍሎው ብሎ ይጮህ ነበር፤ አንድም ባይት አይቀዳም። የሚጮህ ስህተት ይሻለኛል። አሬይ() ዝም ብሎ ይሰጣል።

ስሙ አስቆናል፤ በኋላ ሳስበው ግን ደነገጥኩ። ያ ባፈር የብዙ ደንበኞች መተላለፊያ ነው፤ የአንዱን የገንዘብ ወሬ ጭራ ለሌላው ላደርስ ነበር። በኤፕሪል 2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የወጣው ሃርትብሊድ የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ የዚሁ ዘመድ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የኢንክሪፕሽን ላይብረሪ ላኪው «ይህን ያህል ልኬያለሁ» ያለውን ርዝመት ሳያመሳክር አምኖ ይገለብጥ ስለነበር፣ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሰርቨር ሜሞሪ ያፈስ ነበር።

አሁን የጀማሪዎችን ኮድ ስገመግም ባፈሩ ስንት እንደሚይዝ ሲነግሩኝ፣ «እሱስ ይሁን፤ አሁን ስንት አለው?» እላለሁ። በቴስታችንም ረጅም መልእክት ይቀድምና ወዲያው «እሺ» ይከተላል። ቴስቱን ስም ያወጣችለት ያቺው ባልደረባዬ ናት፦ «እሺዘቡ»።