በዓሣ ኩሬ ውስጥ የሚበዛ ዋቅላሚን ስለ መቆጣጠር

የዓሣ ኩሬ ውኃ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር «ውኃው ተበላሸ፣ መድኃኒት ስጡን» የሚሉን የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥቂቶች አይደሉም። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ግን አረንጓዴነት ሁሉ ጉዳት አለመሆኑ ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው በዓይን ተለይቶ የማይታይ በጣም ደቃቅ ተክል መሳይ ሕይወት ሲሆን ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይባላል። ቆሮሶ ይህንኑ እየተመገበ ያድጋል። ኩሬው ውስጥ ፍግ የሚጨመረውም ዋቅላሚውን ለማብቀል ነው። ስለዚህ ሥራችን በልክ መያዝ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከልክ ሲያልፍ ነው። ዋቅላሚ ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ለውኃው ኦክሲጂን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ኦክሲጂን ይፈልጋል። በመሆኑም በውኃው ውስጥ ያለው ኦክሲጂን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት በደመና ከተሸፈነ ችግሩ ይብሳል። ማታ ደኅና የነበረ ዓሣ ጧት ሞቶ ተንሳፎ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቶቹ «መርዝ ጨመሩብን» ብለው ጎረቤት ሲጠረጥሩ ይሰማል። የልማት ሠራተኛው ይህን ቢያስረዳ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የሰዎቹንም ሰላም ያተርፋል።

የውኃውን ሁኔታ ስለ መለካት

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት እኩል ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ይቀባና፣ በሳንቲ ሜትር ምልክት በተደረገበት ዘንግ ጫፍ ላይ ይመታል። ፀሐይ ባለበት፣ ወደ ቀትር ገደማ፣ ቀስ ተብሎ ወደ ውኃው ይገባል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። ከ30 እስከ 45 ሳ.ሜ. ከሆነ መልካም ነው። ከ20 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ ዋቅላሚው በዝቷል፤ ፍግና መኖ መጨመር በዚያኑ ቀን ይቁም። ከ60 ሳ.ሜ. በላይ ከሆነ ደግሞ የዓሣው ምግብ አንሷል፤ ብርሃኑም ወደ ታች ስለሚዘልቅ ክር መሳይ ዋቅላሚና አረም ከሥር ይበቅላል። ቆርቆሮ ባይገኝ ክንድን ቀጥ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ውኃው ክርን ሲደርስ መዳፉ ከተሰወረ ደኅና ነው፤ ገና አንጓ ላይ ሳለ ከተሰወረ ግን በዝቷል። በጭቃ የደፈረሰ ውኃ እንዳያሳስት በብርጭቆ ቀድቶ ቀለሙን ማየት ያስፈልጋል።

ዋቅላሚን የሚያበዛው

የሚያበዛው ምግብ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ በደረቅ ክብደቱ ሲታሰብ በቀን ከ1 ኪሎ ግራም የበለጠ ፍግ መጨመር አይገባም። መኖም ዓሣው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይሰጥ፤ የተረፈው በስብሶ ዋቅላሚውን ይቀልባል። ሦስተኛው ምንጭ ጎርፍ ነው። ከኩሬው በላይ ዳፕና ዩሪያ የተጨመረበት ማሳ ወይም የከብት በረት ካለ፣ ዝናብ ሲመጣ ማዳበሪያው ተጠርጎ ይገባል። ከክረምቱ በፊት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚቀለውና ከሁሉም የሚዘነጋው ነው።

ክር መሳዩ ዋቅላሚ የሚጀምረው ጥልቀት ከሌለው ዳር ነው። ስለዚህ የኩሬው ዳር ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. እንዲጠልቅ ተደርጎ ይቆፈር። የበቀለው በመንሽ ወይም በመረብ ተጎትቶ ይወጣል። ግድቡ ላይ ከተተወ ዝናቡ መልሶ ስለሚያስገባው ራቅ ብሎ ይከመር፤ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል።

ዓሣው በማለዳ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ከታየ ጊዜ የለም። ከታች በኩል ውኃ እየተለቀቀ በላይ በኩል አዲስ ውኃ ይግባ፤ ውኃው ከፍ ካለ ቦታ እየተፈናጠረ ቢወርድ ይሻላል። አዲስ ውኃ ከሌለ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይረዳል።

መድኃኒትን በሚመለከት

ኮፐር ሰልፌት የተባለው ሰማያዊ ጨው ዋቅላሚን እንደሚገድል እውነት ነው። ሆኖም ኖራነት ባነሰው ውኃ ውስጥ በጥቂት መጠን ዓሣውንም ይገድላል። ዓሣው ቢተርፍ እንኳ ባንድ ጊዜ የሞተው ዋቅላሚ ሲበሰብስ ያለውን ኦክሲጂን ይጨርሳል፤ መዳቡም ከጭቃው ጋር ይቀራል። ምግቡ ስላልተነካ ዋቅላሚው ተመልሶ ይበቅላል። በዚህ ምክንያት ለገበሬ ኩሬ አንመክረውም። በእንግሊዝ አገር የተሞከረው የገብስ ጭድም ውጤቱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ነው፤ ጭዱን ለከብቱ መስጠት ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። ውኃው ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም የሚንሳፈፍ ሰማያዊ አረንጓዴ ንጣፍ ከታየ፣ በቆቃ ግድብ ውኃ ላይ የሚታወቀውን ዓይነት መርዝ ሊኖረው ይችላል። ውኃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋም። ንጣፉ እስኪጠፋ ድረስ ሰውም ከብትም ከዚያ እንዳይጠጣ፣ ልጆችም እንዳይዋኙበት ይደረግ። ከኩሬው ዓሣ ማውጣትም ለጊዜው ይቁም፤ ቀድሞ የወጣ ካለ ጉበቱና ሆድ ዕቃው ተለይቶ ይቀበር።