የአየር ሁኔታና ጥንቃቄው በጋፋትና በደብረ ታቦር ደጋ

የአየር ሁኔታ በአንድ ቦታ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚታየውን ሙቀት፣ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ደመናና እርጥበት ያመለክታል። ለብዙ ዓመታት ተመዝግቦ የሚታወቀው የቦታው ጠባይ ደግሞ የአየር ንብረት ይባላል። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ» ሲባል ስለ አየር ሁኔታ፣ «ደብረ ታቦር ደጋ ናት» ሲባል ስለ አየር ንብረት መናገር ነው። ጋፋት በደቡብ ጎንደር ዞን በደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የተሠራባት ሥፍራ ናት።

ከፍታና ወቅቶች

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጣና ሐይቅ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ ደብረ ታቦር ከጣና ዳርቻ በ6 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች።

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ይዘንባል፤ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ ነው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ሲከበር «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል። አባባሉ የክረምቱን መገባደድ ያበስራል እንጂ ዝናቡ በዚያው ቀን አይቆምም፤ ነጎድጓድና ጎርፍ ከቡሄ በኋላም ያጋጥማል።

መብረቅና በረዶ

ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እየቀዘቀዘም ደመና ይሆናል። ደመናው እጅግ ሲረዝም በውስጡ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራሉ። ይህ ሙል በድንገት ሲለቀቅ መብረቅ ይባላል። ነጎድጓድ በመብረቁ እጅግ የጋለው አየር በፍጥነት ሲለጠጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታው ከታየ በኋላ 9 ተቆጥሮ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ የወደቀው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የሚቀጥለው ግን እዚሁ ሊወድቅ ይችላል። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሚውሉ የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

• ነጎድጓድ እንደተሰማ ከኮረብታ ጫፍና ከሜዳ ወርዶ ወደ ቤት መግባት፤ ትልቅ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ይመረጣል።
• የሣር ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም፤ ሌላ መጠለያ ከጠፋ ከምሰሶውና ከግድግዳው ርቆ መቀመጥ።
• ለብቻው በቆመ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍም ቢሆን፣ ሥር አለመጠለል፤ መብረቁ በመሬት ውስጥ አልፎ ከዛፉ አጠገብ ያሉትን ሰዎችና ከብቶች ይመታል።
• ከሽቦ አጥርና ከውሃ መራቅ፤ ብዙ ሆኖ አለመጠጋጋት።
• ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ።

መብረቅ የመታው ሰው ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ቢነኩት አይጎዳም። እስትንፋሱ ወይም የልብ ምቱ ከቆመ ትምህርቱ ያለው ሰው ወዲያው ደረቱን በመጫን ሊረዳው ይገባል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ደራሽ ጎርፍ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ታች ፀሐይ እያለ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ውሃው ከደፈረሰ፣ ግንድና ቅጠል ካመጣ ወይም ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ወንዙን መሻገር አይገባም። ቁርጭምጭሚትን ያለፈ ፈጣን ውሃ ሰው መጣል ይችላል።

ውርጭና ብርድ

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን በቶሎ ያጣል፤ ውርጭም ይጥላል፤ ገብስና ድንችም ይመታል። በዚህ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት መተኛት ያሰጋል፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት አለበት።

ትንበያ

በአገሪቱ ትንበያ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ትንበያው ሰፊ አካባቢን ስለሚመለከት፣ ከሰዓት በኋላ በጉና ላይ የሚቆለለውን ጥቁር ደመና በራስ ዓይን መከታተልም ያስፈልጋል።