ጠጅ ቤትና ቅኝ ገዥ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይሰበስባል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ከሥራ ይወጣል፤ ሾፌሩም መኪናውን ያቆማል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት መጠጥ ቤት ጎራ ይላሉ። አንዱ ጠላ ቤት፣ አንዱ ጠጅ ቤት፣ አንዱም ቢራ ወደሚሸጥበት ይሄዳል።

መጠጥ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስካርና ጠብ ነው። ስካር ኪስ ያራቁታል፣ ጤና ያጎድላል፣ ትዳር ያፈርሳል። ይህን እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን መጠጥ ቤት ስላለው ሌላ ሥራ ነው። መጠጥ ቤት ሰው የሚነጋገርበት ቦታ ነው። ሰው በሚነጋገርበት ቦታ ደግሞ የገዥ ጆሮ አይጠፋም።

በገጠር ሰው የሚነጋገርበት ቦታ አያጣም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሶንጎ የሚባል ሸንጎ አለ። ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም መገናኛ ነው። ከተማ የገባ ሰውስ? አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከሲዳማ፣ አንዱ ከወሎ ይመጣል። የጋራ ዛፍ የላቸውም። በጠላ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ሥራ የት እንዳለ፣ እህል ስንት እንደገባ፣ ማን እንደ ተሾመና ማን እንደ ታሰረ የሚሰማው እዚያ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጠላ ቤቱ ጋዜጣው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐዋሳ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከአገራችን የተባረረው ከዚያ በፊት በ1933 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በጠላት ዘመን መጠጥ ቤት ምን ይሠራ እንደ ነበር ለማወቅ ሐዋሳን ትተን አዲስ አበባን እንመልከት።

ጠጅ በጥንት ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ገበሬው ማር ይገብራል፤ ጠጁን የሚጠጣው ግን ጌታው ነው። ከተማ ሲስፋፋ ጠጅ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት መጣ። ሳንቲም ያለው ሁሉ ብርሌ ጨበጠ። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ እዚያው ገባ። አዝማሪ የሚዘፍነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በሰምና ወርቅ ሹሙን ይነካል፤ ጀግናውን ያነሣል፤ ከሌላ አገር የሰማውን ያወራል። ሰሚው ይስቃል፤ ግን ገብቶታል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ይህ ነገር አላማረውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ የማይነገረው ቀጥሎ የሆነው ነው። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር በከተማውና በአካባቢው ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። 70 ያህል ሰዎች መገደላቸውንም በቴሌግራም ወደ ሮም አስታወቀ። እንግዲህ አስቡት፤ መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ማሲንቆ የያዘ ሰው ፈራ!

ፋሺስቶቹ መጠጥ ቤቱንም በቆዳ ቀለም ከፈሉት። ነጭ የሚገባበት ሌላ፣ ሀበሻ የሚገባበት ሌላ ሆነ። ይሁን እንጂ ወታደር ሲጠጣ ያወራል። የምትቀዳውም ሴት ጆሮ አላት። የጦሩ መንቀሳቀሻ ቀን፣ የጥይቱ ብዛት፣ የመንገዱ አቅጣጫ በዚህ ዓይነት እየተሰማ ጫካ ላሉት አርበኞች ይደርስ ነበር። ይህን የሚሠሩት የውስጥ አርበኞች ይባሉ ነበር። ከእነሱ መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ። መሣሪያና ወሬ ለአርበኞች ያቀብሉ የነበሩት የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም ዛሬም ይነሣል። የብዙዎቹ ጠላ ሻጮች ስም ግን አልተጻፈም፤ ይህ ያሳዝነናል።

ቅኝ ገዥ መጠጥ ቤትን የሚፈራ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ያገኝበታል። ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባን የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 አንድ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ለጥቁሮች የማሽላ ጠላ መጥመቅና መሸጥ የሚችለው የነጮቹ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ሆነ። እንደ እኛ አገር ሴቶች በጓዳቸው ጠምቀው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሴቶች ወንጀለኞች ተባሉ። ፖሊስ እየመጣ ጋናቸውን ይደፋባቸው ነበር። ባሎቻቸው ደሞዛቸውን በማዘጋጃ ቤቱ ጠላ ቤት ያፈሳሉ። ማዘጋጃ ቤቱም በትርፉ ጥቁሮችን የሚቆጣጠርበትን መሥሪያ ቤት ያካሂዳል። ጥቁሩ ሰው የገዛ ቀንበሩን ዋጋ በጣሳ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በ1959 በዚያው ከተማ የካቶ ማኖር ሰፈር ሴቶች ዱላ ይዘው ወጡ። የማዘጋጃ ቤቱን ጠላ ቤቶች ወረሩ፤ ጠጪዎቹንም አባረሩ።

በእኛ አገር ጣሊያን ሄደ፤ ጆሮ ጠቢው ግን አልሄደም። በንጉሡ ዘመንም፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በደርግ ዘመንም፣ ጠጪ ስለ መንግሥት ሲያወራ መጀመሪያ ወደ በሩ ያይ ነበር። ጣሊያን ሌላም ትቶልን የሄደው ነገር አለ። ባንኮኒ የሚለው ቃል የእሱ ነው። ባንኮኒ ላይ የቆመ ጠጪ ፊቱን ለሻጩ፣ ጀርባውን ለሰው ይሰጣል። በጠላ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ግን የጎረቤቱን ዓይን እያየ ነው የሚጠጣው።